ጥርስ ያልተተከለለት ሬክ

ውድ አባባ፣

ከተቀበርክ ዘጠኝ ቀን ሆነህ። እኔ ግን ገና ቤትህ ነኝ፤ ሄልሲንኪ እመለሳለሁ ብዬ ለሰው ሁሉ ነግሬ ቀረሁ። በእንጨት መሥሪያ ጎጆህ ባለፍኩ ቁጥር ቢላህ እንጨት ሲፍቅ እሰማለሁ። ገብቼ አያለሁ፤ ማንም የለም።

ያን ድርቆሽ የምንሰበስብበት ሰሞን ታስታውሳለህ? ስለ ቃላት አመጣጥ የጻፍኩትን የመመረቂያ ጽሑፍ አስረክቤ፣ ልቤ አብጦ መጣሁ። ምሳ ላይ፣ "አባባ፣ ጥርስን 'ሐማስ' የምንልበት ቃል እኮ የእኛ አይደለም" አልኩህ። "ድሮ ከባልቲክ ጎረቤቶቻችን ነው የወሰድነው። የጥንቱ የራሳችን ቃል 'ፒ' ነበር።"

ባዶ ድድህን አሳይተህ ሳቅክ። "ጎረቤት የሰጠኝን ጎረቤት መልሶ ወሰደው በይኛ! 'ፒ' ግን የትም አልሄደ። የድርቆሽ ሬክ ጥርስን ምን እንደምንለው ረሳሽው?"

አልረሳሁም፤ ጽሑፌ ላይ አለ። ከአፋችን የወጣው አሮጌ ቃል ዛሬ የሚኖረው ድርቆሽ በምንሰበስብበት ባለ እንጨት ጥርስ መሣሪያ፣ በሬክ ላይ ነው። ግን በወረቀት እንጂ በእጄ አላውቀውም ነበር።

"በረዶ ሲጥል ነይና የሬክ ጥርስ መፋቁን ላስተምርሽ" አልከኝ። "ከእኔ በኋላ እዚህ መንደር የሚያውቀው የለም።"

እሺ አልኩህ። ሰባት ዓመት ሙሉ ሥራ በዛብኝ እያልኩ ዋሸሁህ። ሥራ አልበዛብኝም። በከተማ ወዳጆቼ ፊት አባቴ እንጨት ጠራቢ ነው ማለት አፍር ነበር። ይኸው ነገርኩህ።

ትናንት ጎጆው ውስጥ አዲስ ሬክ ተሰቅሎ አገኘሁ። ቀዳዳዎቹ ተበስተዋል፤ ጥርስ ግን አንድም የለውም። እጀታው በባለቤቱ ቁመት ልክ እንደሚቆረጥ፣ ከአገጭ መድረስ እንዳለበት ልጅ ሳለሁ ነግረኸኛል። አስጠግቼ ቆምኩ። ልክ አገጬ ጋ ደረሰ።

ጎረቤትህን እትዬ ሂልያን ጠየቅኳቸው።

"በዚያ በጋ ድርቆሹ ላይ እንቅልፍ ሲጥልሽ በዘንግ ለካሽ" አሉኝ። "'ለምን አትቀሰቅሳትም?' ስለው፣ 'ተያት፣ ትምህርቱ አድክሟታል' አለኝ።"

"ጥርሱንስ ለምን ሳይተክል ቀረ?"

"'እሱ የእሷ ሥራ ነው' ይል ነበራ። በየዓመቱ ለጥርሱ አዲስ እንጨት እየቆረጠ ምድጃው ላይ ያደርቅልሽ ነበር። ሳትመጪ በረዶው ሲቀልጥ ያነደዋል።"

አባባ፣ ይህን ከሰማሁ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። የዘንድሮው እንጨት ሳይነድ ተርፏል፤ አወረድኩት። ጥርስ ስፍቅ ሦስቱን ሰበርኩ፣ አውራ ጣቴንም ቆረጥኩ። አራተኛው ቀዳዳው ውስጥ ገባ። ይጥበቅ ይላላ አላውቅም፤ የምጠይቀው ሰው የለኝም። በዚህ ሬክ ድርቆሽህን ሳልሰበስብ ከዚህ አልነቃነቅም።

መጥቻለሁ፣ አባባ።

ልጅህ ኬርቱ