ወፍጮዎ ሲነሳ የሚወድቀው ኮምፒውተር

ለተከበሩ አቶ ክንዱ ይርሳው
የሰፈራችን የትራንስፎርመር ኮሚቴ ሰብሳቢና የወፍጮ ቤት ባለቤት
ቡሬ

ባለፈው ማክሰኞ ከገበያ በባጃጅ ስመለስ፣ ከጎኔ የተቀመጡት የኮሚቴዎ ገንዘብ ያዥ «እኛ ሰፈር እኮ መብራት ጠፍቶ አያውቅም፤ ቶሎ ቶሎ ነው የሚመጣው» ሲሉ ሰማሁ። ሾፌሩ ሳቀ። እኔ ግን የኃላፊ ቃል ነውና እንዳለ ተቀበልሁት። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ መብራት ጠፋ ብዬ ለመክሰስ ሳይሆን፣ ይህን ያህል ደጋግሞ ስለመጣልን ለማመስገን ነው። ከሁሉ አስቀድሞ እርስዎ፣ ባለቤትዎ ወይዘሮ እህተ ማርያም፣ ልጆችዎና የወፍጮዎ ሞተር በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። የሞተሩን ጤንነት እንኳ በየማለዳው ከአልጋዬ ሳልወርድ አረጋግጣለሁ።

እኔ ከወፍጮ ቤትዎ ጀርባ ያለው የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ባለቤት ሙንዲር ሰዓድ ነኝ። ልጄ ዓፊፋ የኮምፒውተር ጌም ትሠራለች። ትጫወታለች አላልሁም፤ ትሠራለች ነው ያልሁት። በጌሟ ውስጥ አንድ ባጃጅ የበቆሎ ጆንያ ጭኖ ከቡሬ ገበያ ይነሳና አህያም ደላላም ሳይገጭ ወደ ነቀምት መገንጠያ ይጓዛል። አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት ለወጣት ጌም ሠሪዎች ውድድር አውጥቷል፤ ያለፈ ይቀጠራል። ሥራው የሚላክበት የመጨረሻ ቀን የፊታችን ዓርብ ነው። ለዚህ ስል የመደብሬን ፎቶ ኮፒ ማሽን ሰጥቼ፣ በምትኩ ጎኑ መስታወት የሆነ፣ ሆዱ ውስጥ ቀስተ ደመና የሚያበራ የጌም ኮምፒውተር ተቀበልሁ። አሁን የሰፈሩ ሰው መታወቂያውን ኮፒ ለማስደረግ ሌላ ቦታ ይሄዳል፤ እኔም ቀስተ ደመና ሳይ እውላለሁ። ቀስተ ደመናው ግን አይበረክትም። ኮምፒውተሩ መጀመሪያ ድርቅ ይላል፣ ቀጥሎ ጥፍት ይላል፣ ከዚያ ራሱን በራሱ ያስነሳና ምንም እንዳልተፈጠረ ሰላም ይለናል።

ቅሬታዎቼን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዎቼን በቁጥር ላቅርብ።

አንደኛ፤ ጠዋት የእርስዎ ወፍጮ ይነሳል፤ ጥቂት ቆይቶ የዓፊፋ ኮምፒውተር ይወድቃል። ሁለቱ ከአንድ መስመር እንዲጠቀሙ የወሰነው ኮሚቴዎ ነው። በዚያ ስብሰባ ላይ ሰብሳቢው እርስዎ፣ ተጠቃሚው እርስዎ፣ አጨብጫቢዎቹ እኛ ነበርን። ማንንም ሥራ ፈት ስላላደረጉ እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፤ ከወፍጮዎ የሚነሳው ዱቄት በመስኮታችን ገብቶ አልጋውን፣ ደብተሩን፣ የእኔንም ጢም ያዳርሳል። ባለቤቴ አሪፋ ይህን ስለምታውቅ፣ ኮምፒውተሩ ቤታችን በገባበት ዕለት ከሰርጋችን ጀምሮ ቴሌቪዥናችንን ያለበሰችውን ወፍራም ዳንቴል አጥፋ ደርባ ከአናቱ እስከ ጀርባው ማራገቢያ ድረስ አለበሰችው። «ከእንግዲህ ዱቄትም ዐይንም አይገባው» አለች። ይህን የምነግርዎ በእኛ በኩል የጎደለ ጥንቃቄ እንደሌለ እንዲያውቁት ነው።

ሦስተኛ፤ ጥፋቱን ከእርስዎ በፊት በሌላው ሁሉ ላይ ፈልጌያለሁ። ዊንዶውሱን አጥፍተን እንደገና ጫንን። ራም የሚባለውን ካርድ እግሩን በላጲስ ፈትጉት ተባልን፤ ቡሬ ውስጥ ከእኔ የበለጠ ላጲስ ያለው ሰው የለምና እስኪያብረቀርቅ ፈተግነው። ባይሆን ጊዜ በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ በሚኒባስ ጭኔ ላይ አቅፌ ወደ ፍኖተ ሰላም ወሰድሁት። ማንኩሳ ስንደርስ አጠገቤ የተቀመጡት ቄስ የታመመ ሕፃን መስሏቸው ሾፌሩን «ቀስ በል እንጂ፣ አባት አይደለህም?» ብለው ተቆጡልኝ። እኔም አላረምኋቸውም፤ ብዙም አልተሳሳቱም።

ፍኖተ ሰላም ያለው ጠጋኝ ስመኘው ከፈተው፣ አየው፣ ዘጋው፤ ከዚያ ቀኑን ሙሉ የዓፊፋን ባጃጅ ሲነዳበት ዋለ። አንዴ እንኳ አልጠፋም። «ጋሼ ሙንዲር፣ ማሽኑስ ጤነኛ ነው፤ የታመመው ቤትዎ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ቤት አመጣነው፣ ቦታው አስቀመጥነው፣ አሪፋ ዳንቴሉን አለበሰችው፣ ዓፊፋ ከፈተችው። ባጃጁ ገበያውን ሳይጨርስ ደረቀ። እንግዲህ ፍኖተ ሰላም የሌለ፣ ቡሬ ያለ ምን አለ? እርስዎ አሉ። ታላላቅ ፈላስፎች ከዚህ ባነሰ ማስረጃ ወፍራም ወፍራም መጽሐፍ ጽፈዋል።

አራተኛውን በቁጥር ማስገባት አልሆነልኝም። ዓፊፋ በፊት ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ትጮህ፣ ጠረጴዛውን ትመታ ነበር። አሁን እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ እስኪነሳ ትጠብቃለች። ትናንት «አባዬ፣ ፎቶ ኮፒውን ይመልሱልን ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። ዱርቤቴ ያለው አጎቷ የስልክ ሽፋን የሚሸጥለት ሰው እንደሚፈልግ ነግሯታል፤ ልብሷንም ማጣጠፍ ጀምራለች። የስልክ ሽፋን መሸጥ ነውር አይደለም። ግን ያ ባጃጅ እስካሁን ነቀምት መገንጠያ አልደረሰም።

ስለዚህ እስከ ዓርብ ባለው ጊዜ ወፍጮውን ለአንድ ቀን ብቻ እንዲያቆሙልን በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ። እርግጥ እርስዎ ለጎረቤት ሲሉ ሞተር ያጠፋሉ ብሎ ማሰብ በራሱ ድፍረት መሆኑን አላጣሁትም፤ ስለ ድፍረቴ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የመስመራችን ኃይል ሲወርድ አብሮ ከማይወርድ አክብሮት ጋር፣ በሞተርዎ የሚነቃው፣ በዱቄትዎ ያለ ዕድሜው የሸበተው ጎረቤትዎ

ሙንዲር ሰዓድ

ማሳሰቢያ፤ የዚህ ደብዳቤ ግልባጭ ለኮሚቴው ገንዘብ ያዥ ተልኳል። ማታ ማታ እንዲያነቡት አደራ እላለሁ፤ መብራቱ እንደሆነ ቶሎ ቶሎ ይመጣል።

ደብዳቤው በመደብሬ በር ላይ ከተለጠፈ በኋላ በእጅ የተጨመረ፤ ጋሼ ክንዱ፣ ዛሬ ሐሙስ ወፍጮው ከማለዳ ጀምሮ አልተነሳም። ወይዘሮ እህተ ማርያምን ብጠይቃቸው «ከአሪፋ ሰምቶ፣ ልጅቱ ሥራዋን ትጨርስ ብሎ ነው ያቆመው፤ ደብዳቤህንስ ገና አላየውም» አሉኝ። ኮምፒውተሩ ግን ረፋዱ ላይ እንደ ልማዱ ጠፋ። ቀትር ላይ አሪፋ ዱቄት የማይበንበት ቀን ተገኘ ብላ ዳንቴሉን አጠበችው። ዳንቴሉ አሁን ገመድ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ከዚያ ወዲህ አልጠፋም።