ከገጽ ዘጠና ሰባት እስከ መቶ አሥራ ሁለት

ለምወድሽ፣ ከምወድሽም ይበልጥ ለምፈራሽ እታለሜ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ራስ ምታቱ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም እኔን ባሰብሽ ቁጥር ይነሣብሻል? የአባባ ጉልበትስ? የእማዬ ጥርስ ተነቀለ ወይስ «ነገ፣ ነገ» እያለች እንደ እንግዳ እያስተናገደችው ነው? እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ጣቶቼ በሙጫ ከመጣበቃቸው በቀር የጎደለኝ የለም። ጋሽ ሙጫም ሰላም ብሎሻል። ጋሽ ሙጫ ያልኩሽ የጥራዝ ቤቱ ባለቤት፣ አለቃዬ ነው፤ ፊቱ ግን «ጋሼ» ብቻ ነው የምለው። ሰላም እንኳ አላለሽም፣ እኔ ነኝ የጨመርኩት። ቢያውቅሽ ግን ማለቱ አይቀርም ነበር።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። «መሬት ቀያሹ ያስጠረዛቸውንና በስጦታ ያመጣልኝን ሦስት መጻሕፍት አንተ ስለሠራሃቸው ሳታነባቸው አትቀርም፤ አስተያየትህን ጻፍልኝ፣ ሳትቀልድ» ብለሻል። ቀያሹ እሁድ መልስሽን እንደሚጠብቅ፣ አባባም «እሺ በይ ወይ እምቢ በይና ልረፍበት» እንዳለሽ ጽፈሻል። አንቺ ደግሞ «ከማያነብ ወንድ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር አልኖርም፤ የእውነት አንባቢ ከሆነ እሺ፣ ካልሆነ እምቢ» ብለሽ ቆርጠሻል። እንግዲህ ከስምንተኛ ክፍል የኮበለለ ወንድምሽ በትዳርሽ ላይ ዳኛ ሆኖ ተሰየመ ማለት ነው። እሺ፣ እፈርዳለሁ። «ሳትቀልድ» ያልሽውን ግን ለሌላ ወንድም እዘዢው።

በመጀመሪያ ጠራዥ እንዴት እንደሚያነብ እወቂልኝ። መጽሐፍ እኛ ጋ የሚመጣው ፈርሶ፣ አሥራ ስድስት አሥራ ስድስት ገጽ በያዘ እጥፍ ተበታትኖ ነው። እኛ እጥፉን በእጥፍ ላይ እየደረብን እንሰፋዋለን። መርፌው የሚገባው እጥፉ መሐል ላይ ስለሆነ ዓይንም የሚያርፈው እዚያው ነው። በዚህ ዓይነት ሁለት መቶ መጽሐፍ ሳላነብ አልቀረሁም፤ የማን ልጅ እንደሆነች ያወቅኋት፣ ማንን እንዳገባች የሰማሁላት አንዲት ሴት ግን የለችም። ሰው ሁሉ እኔ ዘንድ ሲደርስ ችግር ላይ ነው።

አስተያየቴ ይኸውልሽ። ጥቁሩ፣ አሁን እያነበብኩት ነው ያልሽው፣ የነገሥታት ታሪክ ነው። ንጉሡ ይዘምታል፣ ይመለሳል፣ ከወንድሙ ይጣላል፣ ደግሞ ይዘምታል። በስምንት መቶ ገጽ ውስጥ አንድ ሰው እንኳ ቤቱ ቁጭ ብሎ እግሩን ሲታጠብ አላገኘሁም። ጸሐፊው እንደ አንቺ ያለች እህት ብትኖረው ኖሮ መቶኛው ገጽ ላይ «በቃህ!» ትለው ነበር። አረንጓዴው የምክር ነው። «ራስህን ፈልግ» ይላል። ገጽ ሠላሳ ላይ ፈልግ፣ ገጽ ስድሳ ላይ ፈልግ፣ ገጽ መቶ ላይም ገና አልተገኘም። የጠፋ ቁልፍ እንኳ ይህን ያህል አይፈለግም። ጋሽ ሙጫን «ጋሼ፣ ራስህን ፈልገህ ታውቃለህ?» ብለው «እኔ የምፈልገው ወስፌዬን ነው፤ የት አባክ አደረግከው?» አለኝ። ከመጽሐፉ የሱ መልስ ይሻላል።

ቀዩ ልብ ወለዱ ነው። እዚህ ላይ ቁጭ በይ፤ ውኃም አጠገብሽ ይኑር።

ቀዩን በሰፋሁበት ቀን ጠረጴዛዬ ላይ ሌላ መጽሐፍ ነበር፤ የዶሮ እርባታ መመሪያ። ባለቤቱ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ሦስት መቶ ዶሮ የሚያረቡ ሴትዮ ናቸው። እኔ በልቤ «እትዬ ፈንግል» ነው የምላቸው፤ ሰላምታቸው እንኳ ያለ ዶሮ በሽታ አይጠናቀቅምና። የሁለቱ መጻሕፍት ወረቀት አንድ፣ ቁመት አንድ፣ ፊደሉም የአንድ ማተሚያ ቤት። እኔ ደግሞ መሐል መሐሉን እያነበብኩ ነበር። ሰባተኛውን እጥፍ፣ ማለትም ከገጽ ዘጠና ሰባት እስከ መቶ አሥራ ሁለት ያለውን፣ የቀዩን ለዶሮው፣ የዶሮውን ለቀዩ ሰፋሁት! ጋሽ ሙጫ ሽፋን ከማልበሱ በፊት የገጽ ቁጥር ይቆጥራል። ዘጠና ስድስት፣ ዘጠና ሰባት፤ መቶ አሥራ ሁለት፣ መቶ አሥራ ሦስት፤ አንድም የተዘለለ የለም። «ዛሬስ ሰው ወጣህ» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። እዚህ ቤት ከገባሁ ወዲህ የተመሰገንኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሆን ብለህ ነው እንዳትይኝ። ሆን ብዬ ብሠራው ኖሮ እንዲህ አያምርም ነበር።

እንዴት እንዳወቅሁ ልንገርሽ። እትዬ ፈንግል አንድ ጠዋት መጽሐፋቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ከች አሉ። እኔ ሳያቸው ከመጽሐፍ መጭመቂያው ጀርባ ተደበቅሁ። «አንተ ልጅ፣ ውጣ፤ እግርህ ይታያል» አሉኝ። ወጣሁ። «ይቺ ልጅ ምን ሆነች?» አሉኝ። የቷ ልጅ ብላቸው «ደብዳቤውን እሳት ውስጥ የጨመረችው ናታ! ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ላይ በሩ ተንኳኳ፣ ልትከፍት ብድግ አለች፤ ገልበጥ ሳደርገው የጫጩት ማሞቂያ! ማን ነው ያንኳኳው?» ብለው አፈጠጡብኝ። «የዶሮውን አላጡትም ወይ?» አልኳቸው ፈራ ተባ እያልኩ። «የዶሮውን እኔ ራሴ አውቀዋለሁ፤ በሩን ንገረኝ» አሉኝ።

ክው አልኩ። የልጅቷ አሥራ ስድስት ገጽ እሳቸው ጋ ካለ፣ የዶሮው አሥራ ስድስት ገጽ የት እንዳለ ለማወቅ ትምህርት አይጠይቅም። ቀዩ ላይ፣ ስደርበው እንዳየሁት፣ ገጽ ዘጠና ስድስት መጨረሻ፣ ልጅቷ መስኮቱ ጋ ቆማ እንባዋን በመዳፏ ትጠርጋለች። ገጽ ዘጠና ሰባት ሲገለጥ ደግሞ፣ እትዬ ፈንግል በቃላቸው እንደወጡልኝ፣ «ክንፏን ጥላ መብል እምቢ ካለች ከመንጋው ለይተው ያግልሏት፤ ኩሷንም በጥንቃቄ ይመርምሩ» ይላል። ከዚያ ወዲያ እስከ መቶ አሥራ ሁለት ቅማልና የሆድ ትል ነው። አሥር ቀን እህል አልወረደልኝም። ቀያሹ በስጦታ አስመስሎ የሰደበሽ መስሎሽ መጽሐፉን ፊቱ ላይ ስትወረውሪበት፣ አባባ ምርኩዙን ሲያነሣ፣ የእህቴ ትዳር በእኔ መርፌ ሲፈርስ ይታየኝ ነበር።

ከዚያ ደብዳቤሽ መጣ። ከፈትኩት። እንዲህ ይላል፤ ቃልሽን ነው የምጠቅስልሽ፦ «ቀዩን አንድ መስመር ሳልዘል ጨረስኩት። በተለይ መሐሉ ላይ እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ። እሱም አራት ጊዜ አንብቦታል፤ የሴት ልብ እንደዚያ መሐል የተገለጠበት ሌላ የትም አላየሁም ብሎኛል።»

እታለሜ! በየትኛዋ ዶሮ ነው ያለቀስሽው? በቅማላሟ ነው ወይስ ክንፏን በጣለችው?

እንደዚያ ቀን ስቄ አላውቅም። ጋሽ ሙጫ ሙጫው ጭንቅላቴ ላይ የወጣ መስሎት «ውጣና አየር ውሰድ» ብሎ አባረረኝ። ውጭም ሆኜ ሳቅሁ። ሳታነብ አነበብኩ አትበል ብላ ጆሮዬን የቆነጠጠችኝ እህት! እሱም አራት ጊዜ! ግም ለግም አብረህ አዝግም ማለት ይህ ነው። አይዞሽ፣ ለአባባ አልናገርም። ለእማዬ ግን ቃል አልገባም።

አትቀየሚኝ እንግዲህ። ቀኑን ሙሉ መድኃኒት ቤት ቆመሽ ውለሽ፣ ገብተሽ ደግሞ የአባባን ጉልበት ስታሺ፣ የትኛው ዓይንሽ ነው የሚያነበው? ይገባኛል። ጥቁሩንም ስምንት መቶ ገጽ «እያነበብኩ ነው» ማለትሽን እንዳልሰማሁ አልፌዋለሁ። ቀዩን ግን በፖስታ መልሺልኝ። እትዬ ፈንግል በየጠዋቱ ደጃፉ ላይ ቆመው «ማን ነው ያንኳኳው?» ይሉኛል። መጽሐፋቸውን እስካስተካክል ትተውልኝ ስለሄዱ አሁን የማነበው እሱን ነው። ከሁሉም እሱ ይሻላል፤ የጻፈው ሰው ቢያንስ ዶሮ አይቶ ያውቃል።

አሁን ወደ ፍርዱ። ቀያሹ አንባቢ ነው ወይ ብለሽኛል። ይህንን ጠራዥ አይሳሳትም። ጣት የገለጠው ገጽ ሁሉ ዳሩ ይጠቁራል፤ ያልተገለጠው እንደ ወተት ነጭ ሆኖ ይቀራል። የሰውየው መጻሕፍት የፈረሱት የማተሚያ ቤቱ ሙጫ ስለደረቀ እንጂ እጅ በዝቶባቸው አይደለም። ጥቁሩ እስከ ገጽ ዘጠኝ ተገልጧል። አረንጓዴው እስከ መቅድሙ። ቀዩ ሽፋኑ ብቻ። በሕግሽ ከሄድን መልሱ እምቢ ነው።

ግን ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ መጣ። ጭቃ የጠገበ ጫማውን ደጃፍ ላይ አውልቆ፣ ጋሽ ሙጫ አለመኖሩን አየት አድርጎ፣ ካርታ ከሚጠቀልልበት ላስቲክ ውስጥ በእጅ የተጻፈ የወረቀት ክምር አወጣ። «ወንድሜ፣ ይህን ጠርዝልኝ። እንዳታነበው ግን» አለኝ። ሳላነብ ቅደም ተከተሉን እንዴት አውቃለሁ ብለው «እኔ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ እየነገርኩህ ደርድር» ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ። ዓይኑን ጨፍኖ «ዝናቡ የሚለው ይቀድማል፤ ቀጥሎ የአባቷ ጉልበት፤ ቀጥሎ የተቆጣችው፤ ቀጥሎ ይቅር ያለችኝ፣ እሷ አጭር ናት» እያለ ነገረኝ። አንዱንም አልሳተም። እታለሜ፣ ወረቀቱ ዳር እስከ ዳር ጠቁሯል። እጥፋቱ ላይ ተበስቷል፤ ከስር በስስ ወረቀት ካልደገፍኩት ወስፌ አይችልም። አንዱ ገጽ ላይ የጭቃ አውራ ጣት አለ። እንዲህ የተነበበ ነገር እጄ ገብቶ አያውቅም። የእጅ ጽሑፉን ደግሞ አውቀዋለሁ፤ ድሮ ጆሮዬን እየቆነጠጠ የቤት ሥራዬን ይሠራልኝ ነበር።

አላነበብኩትም፤ እምልልሻለሁ። መርፌው የገባበትን ቦታ ብቻ።

ሊሄድ ሲል «መጨረሻው ላይ ባዶ ወረቀት ጨምርበት» አለኝ። ስንት ብለው «መጭመቂያህ የቻለውን» አለኝ። እኔ ደግሞ አላስችል ብሎኝ «የምትጽፈው ሰው እጇን ብትሰበስብስ?» ብዬ ተተናኮልኩት። ጫማውን አንሥቶ ጭቃውን በጣቱ ፈቀፈቀ። ከዚያ «ባዶውም ቢሆን አብሮ ይጠረዝ» ብሎኝ ወጣ።

ስለ መጻሕፍት ያለኝ አስተያየት ይኸው ነው። ክምሩ ተሰፍቶ መጭመቂያው ሥር ተኝቷል። ሽፋኑን ቆርጫለሁ፤ ጀርባውን ግን አልቆረጥኩም፤ ከነባዶው በስንት ወረቀት ውፍረት እንደምለካው አላወቅሁማ። እሁድ መልስሽን ከሰጠሽው በኋላ ለእኔም ላኪልኝ።

አምላክ እጅሽን ከመዛል፣ ብዕርሽን ከመድረቅ ይጠብቅልኝ። አባባን ጉልበቱን፣ እማዬን ደህናውን ጉንጯን ሳሚልኝ።

የቆነጠጥሽው ጆሮው ዛሬም የሚግልበት፣

ታናሽ ወንድምሽ