ድንጋዩ በረጅሙ ሽማግሌ ትከሻ

ከአንዲት እናት ማኅፀን ከእኔ በኋላ ወጥተህ በትዕግሥት ግን ለቀደምኸኝ፣ ቃልህ በሽማግሎች ጉባኤ ለሚደመጥ፣ ገበታህም ለእንግዳ ጠብቦ ለማያውቅ፣ ለተከበርኸው ታናሽ ወንድሜ፤

ከእኔ ሰፈር ከሮቫ ዛይን ወደ አንተ ሰፈር ወደ ሮቫ ቤት በአንድ አውቶቡስ የሚደረስ ሆኖ ሳለ ጤንነትህን በወረቀት መጠየቄ እንግዳ እንደሚሆንብህ ባውቅም፣ ጉልበትህ እንዴት ሰነበተ? የቤትህስ ሰዎች እንደምን አሉ? እኔ፣ የእስራኤል አምላክ ይመስገን፣ የባሕሩ እርጥበት ከሚነዘንዘው ወገቤ በቀር ደኅና ነኝ።

በልጅህ በኤይታን ሠርግ ለታላቅ ወንድም የሚገባውን የመጀመሪያ ምርቃት ለአዳራሹ ዘፋኝ ከሰጠህ ወዲህ ሳንነጋገር መክረማችንን አልዘረዝርም፤ የጻፍሁልህ ስለ አንድ ኮሚክ መጽሐፍ ነው።

የልጅ ልጄ ኦሪያ፣ በአንድ ደረጃ ተጎራብተው ሲነታረኩ ስለሚውሉ ሁለት ሽማግሌ ወንድማማቾች ለሚተርከው የቴሌቪዥን አስቂኝ ካርቱን ሥዕል እንደምትሠራ ታውቃለህ፤ ረጅሙን ከእኔ፣ አጭሩን ከአንተ መቅዳቷንም ሰፈሩ ሁሉ ያወራል። አሁን ከካርቱኑ ኮሚክ መጽሐፍ ሊወጣ ሆነና፣ በቴሌቪዥን እንጀራቸው ጠባቸው ስለሆነ የማይታረቁት ወንድማማቾች በመጽሐፉ እንዲታረቁ ተፈቀደላት። የጠቡን ምክንያት ከእኛው ሠርግ ወሰደች። ከዚያም “አባባ፣ በአገራችሁ ሰው እንዴት ነበር የሚታረቀው? እንደዚህ እንደኛ ‘ስሊኻ’፣ ይቅርታ፣ ብሎ ማለፍ ነው?” ብላ ብትጠይቀኝ፣ በዳዩ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ከተበዳዩ ደጅ እንደሚቆም፣ ተበዳዩም “አውርደው፣ ይቅር ብያለሁ” እስኪለው ድረስ እንደማያወርደው ነገርኋት።

እርስዋ ግን ወጉን በሚገባ ይዛ የሰዎቹን ቦታ አዛወረችው፤ ድንጋዩን ያሸከመችው ምርቃቱን የተነጠቀውን ረጅሙን ነው፤ እርሱም ከሸክሙ የተነሣ ጎብጦ፣ በደጁ ከቆመው ከአጭሩ አንሶ ይታያል።

መጽሐፉ ከወጣ ወዲህ ጎረቤቴ አገኘሁሽ አሳንሰር ውስጥ ባገኘችኝ ቁጥር “ጋሼ፣ ድንጋዩን አወረዱት ወይስ ገና ነዎት?” ትለኛለች። ትናንትማ ብሳ፣ “ሳይበድሉ የሚሸከሙ ከሆነ የኔን የሽንኩርት ከረጢትስ ምን አደረገዎት?” አለችኝ። ያዝሁላት።

አንተም ሰው ገጹን ቢያሳይህ፣ ታላቅ ወንድሜ ሊያሾፍብኝ አሥሎ ነው ብለህ እንዳትቀየም፣ ስሕተቱ የልጅቱ መሆኑን ላስታውቅህ ወደድሁ። እርግጥ፣ ሳይታተም አምጥታ “የሚታረም አለው?” ስትለኝ መነጽሬ በዓይኔ ላይ ነበረ፤ ሥዕሉንም ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ካየሁት በኋላ፣ የረጅሙን ኮፍያ ብቻ እንድታጠቁረው አዘዝኋት።

የአባቶቻችን አምላክ ዕድሜህን ያርዝም፤ ሳልመርቃቸው የተወለዱትን የኤይታንን ልጆች በጉልበትህ ላይ ያሳድግልህ።

ዓርብ፣ ሰንበት ሳይገባ፣ ከደጅህ እቆማለሁ፤ በሩን ልጆቹን ሳትልክ አንተ ራስህ ክፈትልኝ።

ታላቅ ወንድምህ