አፈሙዙን ዞር አድርጉልኝ በል

ለልጅ ልጄ ለጌዲዮን፤

ካለህበት ማሠልጠኛ ድረስ ናፍቆቴና ምርቃቴ ይድረስህ። እኛ በአምላክ ቸርነት ደህና ነን። ባለሱቁ ሙህዲን ባየኝ ቁጥር «ጋሼ፣ ያ በዋጋ ተከራካሪ ልጅ እንዴት ሆነ?» ይለኛል። የታንክ ሾፌር ለመሆን መመረጥህን ነገርኩትና መረቀህ።

እኛም በሠለጠንንበት ዘመን ብረቱን አምነን ዘፍነንለታል። የታንካችን ሾፌር ገብረጻድቅ የሚባል ቀልደኛ ነበር። በተመታን ዕለት የመድፉ አፈሙዝ ከእርሱ መውጫ ክዳን በላይ ቆሞ ስለነበር ክዳኑ አልከፈት አለ። ሌሎቻችን በላይኛው መውጫ ወጣን። ለእናቱ «ልጅሽ በክብር ወደቀ» ብለው ነገሯት። አልወደቀም፤ እንደተቀመጠ ነው የቀረው።

ታንኩ በቆመ ቁጥር አፈሙዙን ከክዳንህ ላይ ዞር እንዲያደርግልህ ለተኳሹ ንገረው። «ፈራህ እንዴ?» ብሎ ቢስቅብህ «የአያቴ ልማድ ነው» በለውና ይሳቅ፤ ብቻ ያዙረው።

እናትህ ፍቅርተማርያም መመረጥህን የሰማች ዕለት እልል ብላ ጎረቤቱን ሰበሰበች። «እሰይ! ከእግረኛነቱ ይሻለዋል። ዙሪያውን ብረት ነው፤ ጥይት አያገኘውም። አይደለም እንዴ አባባ?» ብላ በሰው ፊት ጠየቀችኝ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። በሰፈሩ በታንክ የተዋጋሁ እኔ ብቻ ነኝ።

«እንዴታ፣ ልጄ» አልኳት።

በል እንግዲህ፣ ፈጣሪ ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

አያትህ ዘካሪያስ፣
ከአቃቂ በሰቃ