ከእህትህ አልጋ በላይ የወጠርኩት ገመድ

ለናፈቅኸኝ ልጄ፣ በሄድክበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምህ፤ እጅህ የነካው ሁሉ ይባረክልህ። እኔም አባትህም ደህና ነን። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ትተኸው የሄድከውን ኮት ለአባትህ አስተካከለችለት፤ ጎረምሳ መስሎልሃል።

የታናሽ እህትህ ሳል ግን ብሷል። ብር ጨምር ብዬ አንተን ላለማስቸገር ለላውንደሪ መክፈል ካቆምኩ ሦስት ወሬ ነው። ልብሱን እቤት አጥባለሁ፤ ውጭ ሌባ ስለሚያነሣው ከመስኮቱ እስከ ቁም ሣጥኑ በወጠርኩት ገመድ ላይ አሰጣዋለሁ። ገመዱ የሚያልፈው ከአልጋዋ በላይ ነው። አባትህ «መርከብ ላይ መኖር ጀመርን እኮ» እያለ ይስቅ ነበር። ግድግዳው ሲሻግት ኖራ ቀብቼ ሸፈንኩት።

ትናንት ሐኪሟ «እናት፣ የምትተኛበት ክፍል ውስጥ እርጥብ ልብስ ያሰጣሉ?» አለኝ። «ኧረ በጭራሽ!» አልኩት። ቸግሯቸው ነው እንዳይለኝ አፍሬ ነው፣ ልጄ። እሱም አምኖኝ ከበድ ያለ መድኃኒት አዘዘላት፤ ለነገ ቀጥሮን፣ ካልተሻላት ሆስፒታል አስተኛታለሁ ብሏል።

ገመዱን ዛሬ በጥሼ ጣልኩት። ውሸቴ ግን ካርዷ ላይ ተጽፎ ቀርቷል። እህትህ ይህን ደብዳቤ በስልኳ ፎቶ አንስታ ልትልክልህ አጠገቤ ተቀምጣለች። «እማዬ፣ ነገ አንቺ ካልነገርሽው እኔ እነግረዋለሁ» ትለኛለች፤ ቃሏን ሳትጨርስ ሳሉ ይቀድማታል።

የዋሸሁት እኔ ነኝና የምነግረውም እኔ ነኝ። አምላክ ከክፉ ይጠብቅህ፣ ደስታህን ያሳየኝ። ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሐኪሙ በር ላይ ወረፋ ስንጠብቅ ደውልልኝ። አትቆጣኝ፣ አታጽናናኝ፤ «እማዬ፣ ግቢ» ብቻ በለኝ።

እናትህ