እርጥብ እንጨት

…ከዚያ አባባ እንጨቱን ጭቃው ውስጥ ተክሎ፣ ጎንበስ ብለህ እንድታይ አንገትህን ይዞ ሲጫንህ፤ እኔ የዓሣውን ቅርጫት ታቅፌ ከኋላችሁ ቆሜ። ከውኃው በላይ እርጥብ ቀለበት ካለ ባሕሩ እየሸሸ ነው፤ እንጨቱ እስከ ውኃው ድረስ ደረቅ ከሆነ እየመጣ ነው። ሌላ ትምህርት አልሰጠንም። ትዝ ይልሃል?

ወንድሜ ሎርን፣ እንደምን አለህልኝ? ጤናህስ? አልበርታ ብርዱ ገባ? የዶሪን ወገብ ተሻላት? ትንሿ ጁን ጥርስ አወጣች? እኔ ደህና ነኝ። አባባም በአካሉ ደህና ነው። በአካሉ ያልኩት አውቄ ነው።

ማክሰኞ አብሬው፣ ባሕሩ ሲሸሽ ዓሣ ወደሚያስቀርልን አጥር ወረድኩ። መንገድ ላይ ዝናብ ጀመረ። ዓሣውን ለቅመን ሳንጨርስ ውኃው ቁርጭምጭሚቴን ነካኝ፤ ልብ አላልኩም። ከዚያ ጉልበቴ ደረሰ። አባባ አንዱን የአጥር ምሰሶ በእጁ ዳሰሰና፣

«እርጥብ ነው፤ እየሸሸ ነው። ምን ያስቸኩልሻል? ሱቅ ሥራ ከገባሽ ወዲህ ጨው ሆነሻል፤ ውኃ ሲነካሽ የምትሟሚ» አለኝ።

ሎርን፣ ዝናብ ነበር። ምሰሶው ሁሉ ከላይ እስከ ታች እርጥብ ነበር። ስድሳ ዓመት ከዚህ ባሕር ጋር የኖረ ሰው ይህን አጣው። ክንዱን ይዤ ጎተትኩት፤ እየሳቀብኝ ተከተለኝ። ዳር ወጥቼ ዞር ስል አጥሩ የለም። ውኃ ብቻ።

ለጎረቤታችን ለክላረንስ ስነግረው፣ አባትሽን ዊላርድን ባሕሩ ይፈራዋል እንጂ እሱ ባሕሩን አይፈራም ብሎ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ተወና ቦት ጫማውን ደብቂበት አለኝ። ከማገዶው ኋላ ደበቅሁት።

ትናንት በካልሲ ደጃፍ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ወዴት ነው ስለው፣

«ሎርን ቀድሞኝ ወርዷል፤ ብቻውን ነው» አለኝ።

እኔን አይሰማኝም። አንተ ና። ስልክ አይበቃም፤ ፊትህን እስኪያይ ድረስ ለእሱ አንተ እዚያ ታች አጥሩ ዘንድ ነህ።

ዛሬም ከማለዳ ጀምሮ ይዘንባል። ባሕሩ ከቀትር በኋላ ይመለሳል። አባባ ወንበሩ ላይ አሸልቧል።

ዶሪን ከባድ ነገር እንዳታነሳ ንገርልኝ። ጁንን ሁለቱንም ጉንጯን ሳምልኝ። ከአባባም ሰላምታ ልጽፍልህ ነበር፤ እሱ ግን ከቤት የወጣኸው ዛሬ ጠዋት ይመስለዋል።

እህትህ ቬርና
ሚናስ ዳርቻ፣ ኖቫ ስኮሺያ
ኦክቶበር 17 ቀን 1974

ፖስታ ፍለጋ ጓዳ ገብቼ ተመለስኩ። ወንበሩ ባዶ ነው። የኋላው በር አሁን ተዘጋ።