ሰላምታ የሌለበት ሳምንት

ሰኞ፣ ሚያዝያ 6። ቀን 10፡00

ግማሽ ቀን አስተምሬ በቀጥታ ቤ/ክ። ስግደት። ኦፕራሲዮን የሆንኩበት ቦታ ይጠዘጥዘኛል። ይጠዝጥዘኝ።

ሰሙነ ሕማማት ገባ። መሳሳም የለ፣ መጨባበጥ የለ፣ እንዴት ዋልሽ የለ። ይሁዳ ጌታውን ስሞ አሳልፎ ስለሰጠ ሳምንቱን ሙሉ ሰላምታ አይሰጥም። እውነቱን ልንገርሽ ደብተሬ፣ እንዲህ የተመቸኝ ሳምንት አይቼ አላውቅም።

ታናሽ ወንድሜ ጌታቸው ከግራና መጥቷል። እዚሁ መርሳ አክስታችን ቤት አርፎ ሳምንቱን ሊሰግድ ነው አሉ። ግራና ላይ ቤ/ክ የጠፋ ይመስል! በወንዶቹ በኩል ቆሞ ዓይኔን ሲፈልግ ነበር። ዘወር አልኩ። ሌላው ሰው ዝም የሚለው ስለ ጌታ ሕማም ነው። እኔ ዝም ያልኩት ፊቱ ስላስጠላኝ ነው። ማን ያውቅብኛል? ማንም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 7። ከት/ቤት መልስ

ጎረቤቴ ዘሀራ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ እንዴት አደርሽ አለችኝ። ራሴን ብቻ ነቀነቅኩ። ግራ ገባት። ኋላ ትዝ ሲላት ሳቀች፤ ለካ ሳምንታችሁ ነው አለች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ስለ ወንድሜ ጠየቀችኝ። አሁንም ራሴን ነቀነቅኩ። አብሽሪ ብላኝ ገባች። ምኑን ነው የማበሽረው?

ዛሬ የጥርን ገጾች ገለጥኩ። ደሴ ተኝቼ ስታከም የጻፍኩብሽን። ባልገልጥ ይሻለኝ ነበር። ይኸው በራሴ እጅ፦ «ጥር 24። ማታ ለጌታቸው ደወልኩ። እማዬ ደህና ናት። ዛሬ ፀሐይ ላይ አወጣት። ሽሮ በልታ ተኛች።»

ጥር 24! እማዬ ጥር 17 ግራና ተቀብራለች።

ማታ ማታ እደውል ነበር። ማታ ማታ ደህና ናት ይለኛል። አገናኘኝ ስለው ጆሮዋ ስልክ አይሰማም ይላል። ያ እንኳ እውነት ነበር፣ ለዚህ ነው ያመንኩት። አርባዋን ያወጡ ዕለት ከጀርባው የሰው ጫጫታ ሰምቼ ምንድን ነው ብለው የጎረቤት ማኅበር ነው አለኝ። የእናቴን ተዝካር! መጋቢት ላይ ድኜ መርሳ ስገባ ሽማግሌ ሰብስቦ ጎህ ሳይቀድ በሬን አስንኳኳ። መርዶ። ሁሉም አልቅሶ ጨርሷል። እኔ መሬት ላይ ስንከባለል እነሱ በደረቅ ዓይናቸው ያዩኛል። ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አልተነፈስኩለትም። መቃብሯን አላየሁም። አሳየኝ ብዬ እሱን ልለምን?

ቀይ እስክሪብቶ አንሥቼ ገጹን ልሰርዘው ነበር። የተማሪ ደብተር እንደማርም። እስክሪብቶውን ከድኜ ተውኩት።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 8

የንስሐ አባቴ መምሬ ካሳ አስጠሩኝ። ጌታቸው ሄዶ ነግሯቸዋል። ከወንድምሽ ሳትታረቂ በፋሲካ እንዳትቆርቢ አሉኝ። በለሆሳስ፣ በትሕትና። እሳት ሆንኩ።

እርስዎም እኮ ያውቁ ነበር አልኳቸው። መርዶውን ካመጡት ሰዎች ፊት የነበሩት እርስዎ ነዎት። አልካዱም። ለበሽተኛ መርዶ አይነገርም፣ ወጋችን ነው፣ ቁስልሽ ሳይጠግ ብትሰሚ አንቺንም እንቀብርሽ ነበር አሉ። የሃምሳ ዓመት ሴት ነኝ! አርባ ልጅ በክፍል ውስጥ እገዛለሁ፣ የእናቴን ሞት አልችልም?

ስወጣ ደግሞ ጨመሩልኝ። ሐዘንሽን እስከ ቅዳሜ ጨርሺ፣ ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ለቅሶ የለም አሉ። ለሐዘንም የጊዜ ሰሌዳ ወጣለት። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ደወል ይደወላል፣ እንባሽን ጠርገሽ ውጪ።

ጸሎተ ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9

ሕፅበተ እግር። ካህናቱ ዝቅ ብለው የምእመኑን እግር አጠቡ። ጌታ የይሁዳንም እግር አጥቧል ብለው አስተማሩ። መምሬ ካሳ ያን ሲሉ ወደ እኔ ያዩ መሰለኝ። ይዩ። ይሁዳ የሳመው አንድ ጊዜ ነው። የእኔው አርባ ምሽት ዋሸኝ።

ጉልባን በላሁ። ሁለት ጭብጥ።

ዓርብ፣ ስቅለት፣ ሚያዝያ 10። ከምሽቱ 1፡00

ቆሜ ዋልኩ። ሰገድኩ፣ ተነሣሁ፣ ሰገድኩ። ኪርያላይሶን። ፀሐዩ አናት ይበሳል። መምሬ በወይራ ቅጠሉ ጀርባዬን ጠበጠቡና መቶ ስገጂ አሉኝ። ሌላውን ሃምሳ ነው ያሉት። ገባኝ።

ግን ዛሬ አንድ ነገር አየሁ። ሥዕሉን። እመቤታችን ከመስቀሉ ሥር ቆማለች። ዕድሜዬን ሙሉ ያየሁት ሥዕል ነው፣ ዛሬ ግን አናደደኝ። ልጇ በሚስማር ተቸንክሮ እያየች ነው። አንድም ሰው አትችይም ብሎ በር አልዘጋባትም። አንድም ሰው ደህና ነው፣ ተኝቷል አላላትም። ከሞት ሁሉ የከፋውን ሞት እናት እንድታይ ተፈቀደ። ለእኔ በእርጅና፣ በአልጋዋ ላይ ያረፈችን እናት ማየት ተከለከለ። ቆይ፣ የሚወድ ሰው የቱ ነው? መከራውን የሚደብቅ ነው ወይስ አብሮ የሚያቆም?

መቶውን ሰገድኩ። ንዴቱ አልወጣልኝም።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 11

ቄጠማ አመጡልኝ። ራሴ ላይ አሰርኩ። ሰላም ሆነ ይላሉ። የት? ከአክስቴ ቤት ልጅ ተልኮ ነበር፣ ነገ አብረን እንፈስክ ብለው። አልመጣም አልኩ።

እሑድ፣ ፋሲካ፣ ሚያዝያ 12። ጠዋት 4፡00

አልቆረብኩም። ሰው ሲቆርብ ከኋላ ቆሜ አየሁ። አነደደኝ።

ጠዋት በር ተንኳኳ። ጌታቸው። ብቻውን፣ ባዶ እጁን። ሳምንቱ አልቋል፣ መደበቂያዬም አለቀ። ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን አለኝ። አፌ ሳያማክረኝ መለሰ፣ በዓቢይ ኃይል ወሥልጣን። አፌን ረገምኩት።

ግባ አላልኩትም። ደጃፉ ላይ እንደቆመ ያለ የሌለኝን አወረድኩበት። መልአኩ ለሴቶቹ ሕያው ነው አላቸው፣ እውነት ነበር፤ አንተም ሕያው ናት አልከኝ፣ ውሸት ነበር፤ የአንተ ብሥራት ከሰይጣን ነው አልኩት። ዘሀራ በአጥሯ ሳትሰማ አልቀረችም። አልተከራከረኝም። ፀሐይ ላይ አወጣኋት ያልከኝ ቀን ምን ስትሠራ ነበር ብዬ ጠየቅኩት። እሷ የምትቀመጥበት መደብ ላይ ተቀምጬ ነበር አለ።

ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

«እታለም፣ የቀብሯ ቀን እንኳ አልጮህኩም። ማታ ስትደውዪ ድምፄ ተዘግቶ እንዳታውቂብኝ ብዬ። ሰው ምን ዓይነት ድንጋይ ልጅ ነው አለኝ። ኋላ ደግሞ የአንቺን ስልክ መጠበቅ ጀመርኩ። አገሩ ሁሉ ቀብሯታል፣ አንቺ ዘንድ ብቻ አልሞተችም። ደህና ናት ስልሽ ለትንሽ ጊዜ እኔም አምናለሁ።»

በሩን ዘጋሁበት። ከውስጥ ቆሜ እርምጃውን ስጠብቅ ቆየሁ። አልሄደም። ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሏል።

ያው ቀን። 9፡00

በመጨረሻ ከፈትኩለት። ምሳ አቀረብኩ። አብረን በላን። ይቅር አልኩህ አላልኩትም፣ አልዋሽሽም። ውሸቱ አሁንም ያንገበግበኛል። ግን አርባ ምሽት እኔ ለመዳን ስተኛ እሱ ድምፁን አፍኖ ኖሯል፤ ይህን ማንም አልነገረኝም። መምሬም፣ ሽማግሌዎቹም። እኔም አልጠየቅኩ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 13። ጠዋት 1፡00

የግራና መኪና እስኪሞላ እየጻፍኩ ነው። ጌታቸው አጠገቤ ተቀምጧል፣ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። መቃብሯን ያሳየኛል። ሌላ ሰው አልጠራንም። አክስቴ ስትሰማ ጮኸችብኝ፣ በበዓለ ሃምሳ መቃብር ላይ ለቅሶ ነውር ነው፣ መምሬም አይወዱትም አለች።

አይውደዱ። ማርያም መግደላዊት እኮ ያለቀሰችው በዚያው በትንሣኤው ማለዳ ነው፣ መቃብሩ ደጅ ቆማ። ጌታ ራሱ ለምን ታለቅሻለሽ ብሎ ጠየቃት እንጂ ዛሬ በዓል ነው ዝም በይ አላላትም። እኛንም የሚጠይቀን ካለ እንነግረዋለን።

ጌታቸው፣ መምሬ እንዳይቆጡ ቀስ ብለን እናልቅስ አለኝ። አይሆንም አልኩት። ዛሬ ማታ የሚደውልልህ የለም፣ ድምፅህ እስኪዘጋ ጩህ።